የሴቶች ቅሬያችን ድርጅት ሆኖ ይመዝገብ ወይስ እንደ ቅሬ ይቀጥል?

የሆጤዋ (ክሩን የከፈተች) — እሑድ ማታ

ሰላም ለመድረኩ ተሳታፊዎች። ሰሞኑን በሰፈራችን ሴቶች መካከል አንድ ክርክር ተነሥቶ ቡና በተፈላ ቁጥር እርሱኑ ስንጎትት ስለከረምን፣ ነገሩን ከእኛ በተሻለ የምታውቁ ሰዎች ሐሳባችሁን እንድትሰጡን ብዬ ልጽፍ ተነሣሁ። ጥያቄዬ አጭር ነው፤ ከየት እንደመጣ ካላስረዳሁ ግን ስለማይገባ ጥቂት ወደ ኋላ እንድመለስ ፍቀዱልኝ።

የምንኖረው ደሴ፣ ሆጤ አካባቢ ሲሆን የሴቶች ቅሬ አለን፤ ሌላ አካባቢ ያላችሁ እድር የምትሉት ማለት ነው። እስከ 2013 ዓ.ም. ክረምት ድረስ ሥራችን የታወቀ ነበር፦ ሰው ሲሞት ንፍሮ መቀቀል፣ እንጀራ ማዋጣት፣ ለቀስተኛ ማስተናገድ፣ ድስትና ሳፋ ቆጥሮ ማስገባት። በዚያ ክረምት ጦርነቱ ወደ ራያና ወደ ሰሜን ወሎ ሲስፋፋ ከቆቦ፣ ከወልድያና ከመርሳ የተፈናቀለው ሕዝብ ደሴ ገባ፤ ትምህርት ቤቶቹም መጠለያ ሆኑ። ሊቀመንበራችን የቅሬውን ትልቁን ብረት ድስት በባጃጅ አስጭነው ሲወጡ አንዷ አባል አይታ «የማን ለቅሶ ነው?» ብላ ጠየቀቻቸው። እሳቸውም መልሱን ትተው እቤቷ ስንት ኪሎ ምስር ክክ እንዳለ ጠየቋት።

የመጀመሪያዎቹን ቀናት ያሻገረን ድርቆሽ ነው። ድርቆሽ ማገዶ አይፈልግም፤ ውኃና ትንሽ በርበሬ ካገኘ ይበላል፤ በማዳበሪያ ታጭቆም ከቤት ወደ ቤት ይዞራል። በሦስተኛው ቀን ይመስለኛል፣ ዴስኮቹ ግድግዳ ላይ ተደራርበው በተቆለሉበት አንድ ክፍል ውስጥ ሁሉም ለወጥ ሲሰለፍ ከጥግ የማትነሣ ወጣት ነበረች። «ሳሕንሽን ስጪኝ» ብላት እንቢ አለች፤ የታመመች መሰለኝ። አብረውኝ የነበሩት ትልቅ ሴትዮ ግን ቀና ብለው አንዴ አዩዋትና እኔን ወደ ውጭ ላኩኝ፤ ስመለስ ልጅቷ የሴትዮዋን ነጠላ ወገቧ ላይ አስራ ሰልፍ ይዛለች። የወር አበባዋ መጥቶባት፣ ከለበሰችው ቀሚስ በቀር ምንም ሳይኖራት ሁለት ቀን እዚያው ወለል ላይ ተቀምጣ ኖሯል። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሞዴስ ከምስርና ከጨው እኩል በግዢ ዝርዝራችን ላይ ገባ። በየወሩ እህል የሚያከፋፍሉት ሰዎች ቅጽ ላይ ግን እንዲህ ያለ ነገር አላየሁም።

ከጥቅምት 2014 መጨረሻ እስከ ኅዳር 27 ቀን ድረስ ከተማችን በሕወሓት ኃይሎች እጅ በነበረችባቸው ሳምንታት መብራት አልነበረም፣ ስልክ አልነበረም፣ ባንክ አልነበረም። መብራት ሲጠፋ ወፍጮው ጸጥ አለ፤ የኤሌክትሪክ ምጣዱም እንደ ጌጥ ቆመ። እህል ያለው በድንጋይ ፈጨ፤ ያልቻለ ቀቀለ። ኮምቦልቻ የነበሩት የዓለም ምግብ ፕሮግራም መጋዘኖች ተዘርፈው ድርጅቱ በደሴና በኮምቦልቻ ሥርጭት ማቆሙን ኅዳር መጨረሻ ላይ ሲያስታውቅ፣ በየሰፈሩ የነበረው የቅሬ ድስት ግን አልቆመም። ይህን የምለው ለመመካት ሳይሆን ጥያቄዬ ከዚህ ስለሚነሣ ነው።

አሁን አንድ ረጂ ድርጅት ለሚታጠብ ሞዴስ ስፌትና ለተፈናቃዮች የወፍጮ ክፍያ የሚሆን ገንዘብ ሊሰጠን ፈቃደኛ ሆኗል። ሆኖም የምዝገባ ምስክር ወረቀት፣ መተዳደሪያ ደንብ፣ በድርጅት ስም የተከፈተ የባንክ ሒሳብና የኦዲት ሪፖርት ይፈልጋል። ከእኛ ግማሹ «ቅሬ ፈቃድ ጠይቆ አያውቅም፤ ወረቀት ከገባ ፍቅሩ ይወጣል» ይላል። ሌላው ግማሽ ደግሞ «ካልተመዘገብን ሌሎች በሚያገኙት ገንዘብ ያለ ደመወዝ አከፋፋይ ሆነን እንቀራለን» ባይ ነው። እኔ ገንዘብ ያዥ ስለሆንኩ መሐል ላይ ተቀምጫለሁ። ምን ትላላችሁ?

መዝገብ ያዥ (ኮምቦልቻ) — ሰኞ ጠዋት

እኅቴ፣ ሁለቱ ወገኖች የሚከራከሩበት ጉዳይ በሕጉ ዘንድ የተለያየ ስለሆነ መጀመሪያ እርሱን እንለይ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113 እድርንና እቁብን የመሳሰሉ ባህላዊ ስብስቦችን አይመለከትም። ስለዚህ ቅሬያችሁ እስከ ዛሬ የሠራው ሁሉ ሕጋዊ ነው፤ ነገም ሳይመዘገብ ቢቀጥል ማንም ሊጠይቀው አይገባም። ችግሩ ያለው በረጂው በኩል ነው፤ ረጂው ውል የሚዋዋለው ሕጋዊ ሰውነት ካለው አካል ጋር ብቻ ነው።

በእኔ አስተያየት ቅሬውን ራሱን ማስመዝገብ ትልቅ ስሕተት ይሆናል። የቅሬው ድንኳን፣ ድስትና ተቀማጭ ገንዘብ የአባላቱ የለቅሶ ንብረት ነው፤ ነገ አንድ ፕሮጀክት ተበላሽቶ ክስ ቢመጣ እዚያ ውስጥ መግባት የለበትም። ይልቅስ ከመካከላችሁ ፈቃደኛ የሆናችሁ ሴቶች ጎን ለጎን አንድ ማኅበር ብታቋቁሙ፣ ቅሬው እንዳለ ይቀጥላል፤ ማኅበሩ ደግሞ ይፈርማል፣ ይቀበላል፣ ይጠየቃል። የምትሠሩት በአንድ ክልል ውስጥ ብቻ ስለሆነ ምዝገባውን የሚመለከተው የክልሉ አካል እንጂ አዲስ አበባ ያለው ባለሥልጣን አይደለም። ሌላው መንገድ ደግሞ ቀድሞ በተመዘገበ አንድ አገር በቀል ድርጅት ጥላ ሥር ሆኖ መሥራት ነው፤ ፈጣን ነው፣ ነገር ግን ገንዘቡ ላይ የሚወስነው ባለ ጥላው ይሆናል።

ከሁሉ በላይ የሚያስቸግራችሁ ደረሰኝ ነው። ሰኞ ገበያ መሬት ላይ ሽንኩርት ዘርግታ የምትሸጥ ሴት ደረሰኝ የላትም፤ ኦዲተር ደግሞ ያለ ደረሰኝ አያልፍም። ለዚህ የሚሠራበት መላ አለ። የግዢ ማረጋገጫ ቅጽ አዘጋጁ፦ ቀን፣ የዕቃው ዓይነት፣ መጠን፣ የአንዱ ዋጋ፣ የሻጯ ስምና ፊርማ ወይም የጣት አሻራ፣ ከዚያ የሦስት ገዢዎች ፊርማ። ረጂው ይህን ቅጽ እንደሚቀበልና እስከ ስንት ብር ድረስ እንደሚቀበል ውሉ ላይ አስጽፉ። «ችግር የለም፣ እንተዋወቃለን» ቢሏችሁ አትመኑ። የሚፈርሙት ሰዎች ይለወጣሉ፣ ወረቀቱ ግን ይቀራል።

ሸዋ በር — ሰኞ ከሰዓት

አንድ ጥያቄ አለኝ፣ በቅሬታ አይያዝብኝ። በዚያ ክረምት ውኃ የቀዳነው፣ ዕንጨት የፈለጥነው፣ ሌሊት መጠለያውን የጠበቅነው የሰፈሩ ወንዶችም ነበርን። ለምን «በሴቶች የሚመራ» የሚለው ቃል ላይ ይህን ያህል ትኩረት ይደረጋል? ደግሞም ሳልናገር የማላልፈው ነገር አለ፦ በየመጠለያው ዝርዝር የሚይዘው ሰው ዘመዱን ያስቀድም ነበር፤ በሴትም በወንድም ሲደረግ አይቻለሁ።

የሆጤዋ

ወንድሜ፣ ዕንጨቱንም ጥበቃውንም አልረሳንም፤ እናንተ ባትኖሩ ድስቱ ጥሬ ይቀር ነበር። ነገር ግን እስቲ ያስታውሱ፦ ገንዘቡ በምን ላይ ይዋል የሚለውን የወሰነው ማን ነበር? ወንዶቹ በአብዛኛው ብርድ ልብስና ዱቄት ይገዛ ሲሉ፣ የሕፃን አጥሚት፣ ሞዴስ፣ የመጸዳጃ ቤት በር መቀርቀሪያና ማታ የሚበራ ባትሪ ይገዛ ያሉት ሴቶቹ ናቸው። የመቀርቀሪያው ነገር ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን በሩ ከውስጥ ስለማይዘጋ ሴቶች እስኪመሽ ውኃ ሳይጠጡ ይውሉ ነበር። እዚያ ያለችውን ሴት ይህን ጠይቆ መልስ ማግኘት የሚችለው ማን እንደሆነ እርስዎም ያውቁታል።

ስለ ዝርዝሩ ያሉት እውነት ነው፤ እኛም ላይ ደርሷል። ሁለት ባለ 50 ሉክ ደብተሮች በሁለት ሴቶች እጅ ነበሩ፤ ማታ ማታ ስላላስታረቅናቸው አንድ ቤተሰብ ሁለት ጊዜ ተቀብሎ፣ ከመጠለያ ውጭ በኪራይ ቤት የተጠጋ አንድ ግቢ ሙሉ ለሳምንት ተረስቷል። ዘመድ ማስቀደም ሳይሆን ዝርክርክነት ነበር፤ ለተረሳው ሰው ግን ልዩነት አልነበረውም። ከዚያ በኋላ ዝርዝሩን ከየክፍሉ በተመረጡ ተፈናቃይ ሴቶች ፊት ጮክ ብለን ማንበብ ጀመርን። «እገሊት ቀርታለች» የሚሉት እነሱ ናቸው፤ እኛ አናውቅም።

የጃሪዋ — ሰኞ ማታ

እኔ ተቀባይ ነኝ፤ የሰጪዎችን ክርክር ዝም ብዬ ሳነብ ቆይቼ ነው የምጽፈው። ከወለጋ ተፈናቅለን መጥተን ሐይቅ አጠገብ ጃሪ መጠለያ ነው ያለነው። ስለዚህ የምናገረው በ2013 ስለሆነው ሳይሆን በዚህ ጊዜ ስላለው ነው።

እርዳታ ሲመጣ ለአንድ ሰው የወር ድርሻ ተብሎ የተያዘው 15 ኪሎ እህል፣ አንድ ኪሎ ተኩል ጥራጥሬና ግማሽ ሊትር የማይሞላ ዘይት ነው፤ ሲመጣ ማለቴ ነው፣ ወሩን ዘሎ የሚመጣበት ጊዜ ብዙ ነውና። ስንዴው ሲታደል ወፍጮ ቤት የሚከፈል ገንዘብ ይፈልጋል። ማገዶ ይፈልጋል። ጨው ይፈልጋል። ገንዘብ ስለሌለን ከስንዴው ላይ ሸጠን እናስፈጫለን፤ የእርዳታ ስንዴ ደግሞ ሁሉም በአንድ ቀን ስለሚሸጠው ዋጋው ይወድቃል። ከዚያ «ተፈናቃዮች እርዳታ ይሸጣሉ» ተብሎ ይወራብናል። የወፍጮ ክፍያ የሚለውን ከጽሑፍዎ ሳነብ እንባዬ መጣ፤ ይህን ያሰበ ሰው ወይ ተርቦ ያውቃል፣ ወይ ቁጭ ብሎ ጠይቋል።

ከተለያየ ቦታ ብዙ ቡድኖች መጥተው ያውቃሉ። አንዳንዶቹ ባነር ይዘው፣ ፎቶ አንሥተው፣ ጠዋት መጥተው ቀትር ሳይሞላ ይሄዳሉ። አንድ ጊዜ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሦስት ቡድን ሳሙና አመጣልን፤ ለሦስት ወር ግን ማንም ጀሪካን አላመጣም። ሳሙናውን ያለ ውኃ ምን እናድርገው? ብትመዘገቡም ባትመዘገቡም የምለምናችሁ፣ ከመግዛታችሁ በፊት ጠይቁን፤ ስታድሉም ፊታችንን አታንሡን። ከመካከላችን ባሏ የት እንዳለች የማያውቅ፣ እንዲያውቅም የማትፈልግ ሴት አለች።

ሲስተር (ከቦሩ ሜዳ መስመር) — ማክሰኞ

ስለ ፎቶው የተነሣው ነገር ከምዝገባው ጥያቄ ጋር በቀጥታ ይገናኛል። እኔ ነርስ ነኝ፤ ከእንዲህ ያሉ የሴቶች ቡድኖች ጋር ለዓመታት ሠርቻለሁ። የተመዘገበ ድርጅት ስትሆኑ ረጂው «የተጠቃሚ ስም፣ ስልክ፣ ፊርማ፣ ፎቶ» የሚል ቅጽ ይልክላችኋል። ለዱቄትና ለብርድ ልብስ ይሁን። ጥቃት ለደረሰባት ሴት ግን ይህ ቅጽ ሁለተኛ ጥቃት ነው፤ ቅጹን ካየችም አትመጣም።

አለመምጣቷ ምን ማለት እንደሆነ ላስረዳ። ከአስገድዶ መድፈር በኋላ ኤች አይ ቪን የሚከላከለው መድኃኒት መጀመር ያለበት በ72 ሰዓት ውስጥ ነው፤ ቀድሞ ቢጀመር ይሻላል። ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያ እስከ 120 ሰዓት ድረስ ይሠራል፤ እርሱም ባደረ ቁጥር ኃይሉ ይቀንሳል። በእነዚያ ሦስት ቀናት ውስጥ ያቺ ሴት የምታገኘው ሐኪም አይደለም፤ ወጥ የምትጨልፍላትን ሴት ነው። በእኔ ልምድ በወሬ ወሬ «ራሴን ያመኛል» ብላ ትጀምራለች፤ ሰሚዋ ጆሮ ካላት ወደ ጤና ተቋም ይዛት ትሄዳለች። ጊዜው ካለፈም ሕክምናው አያልቅምና «ዘግይተሻል» ብላችሁ እንዳታስቀሯት።

ሌላው ደግሞ የሕፃናቱ ነገር ነው። ከ6 እስከ 59 ወር ያሉ ሕፃናትን የክንድ ዙሪያ መለካት አንዲት ፈቃደኛ ሴት በግማሽ ቀን ትማረዋለች፤ እናት ራሷም ትችላለች። ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ ከባድ የምግብ እጥረት ስለሆነ ለነገ ሳይባል ይላካል፤ ከዚያ በላይ ሆኖ 12.5 ያልደረሰ ደግሞ መካከለኛ ነውና ክትትል ይፈልጋል። ፕላምፒ ነት (ለምግብ እጥረት የሚሰጠው የለውዝ ቅባት) የተሰጠው ልጅ ክብደት ሳይጨምር ሲቀር ብዙ ጊዜ ምክንያቱ እሽጉ ከእኅት ከወንድም ጋር መካፈሉ ነው፤ እናትየዋን መቆጣት ጥቅም የለውም፤ ለሌሎቹም የሚበላ ነገር መፈለግ ነው እንጂ። ያንን የሚያደርገው ጤና ጣቢያው ሳይሆን የእናንተ ድስት ነው።

ስለዚህ ምክሬ፦ ከተመዘገባችሁ፣ ጥቃት የደረሰባቸውን ሴቶች የሚመለከት ምንም ዓይነት ስም ያለበት ሪፖርት እንደማትሰጡ ከመጀመሪያው ቀን ውሉ ላይ ይግባ። ቁጥር ብቻ ይሰጣል፤ ቁጥሩም የሰፈር ስም ሳይጠቀስበት።

የሆጤዋ

ሲስተር፣ ምክርዎ ትክክል ነው። እኛም በጊዜው ደብተራችን ላይ እንዲህ ያለውን ነገር አንጽፍም ነበር። የምንግባባበት አንድ ቃል ነበረን፤ ዛሬ ስለማንጠቀምበት ልናገረው እችላለሁ። አንዷ መጥታ «የዚያች ክፍል ጨው አልቋል» ካለችኝ ሌላ አልጠይቅም፤ ነጠላዬን ለብሼ እሄዳለሁ። በሕይወቴ ያን ያህል ጨው አልቆ አያውቅም።

ከካርቱም ተመላሽ (ኮምቦልቻ) — ማክሰኞ ማታ

እኔ ካርቱም ውስጥ ሻይና ቡና እየሸጥኩ ስኖር ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ጦርነቱ ፈነዳ፤ ክረምት ሳይገባ በመተማ በኩል ወጥቼ አገሬ ገባሁ። እዚያ በቆየሁባቸው ሳምንታት ያየሁት ከእናንተ ጥያቄ ጋር ስለሚመሳሰል ልንገራችሁ።

ትልልቆቹ ድርጅቶች ሠራተኞቻቸውን ይዘው ሲወጡ፣ የሰፈሩ ወጣቶችና ሴቶች የአስቸኳይ ምላሽ ክፍል የሚሉትን በየመንደሩ አቋቋሙ። ሱዳኖች «ነፊር» የሚሉት የእኛን ደቦ የመሰለ ልማድ አላቸው፤ መሠረቱ እርሱ ነው። ማእድ ቤቱን «ተካያ» ይሉታል። ፉል፣ ምስር፣ አንዳንዴም ሩዝ ይቀቀላል፤ ሕፃናት ከየቤቱ ዕቃ ይዘው ይመጣሉ። እኔ አበሻ መሆኔን እያወቁ፣ ወረቀት እንደሌለኝም እያወቁ ዕቃዬን ሞልተው ሰጥተውኛል፤ በሁለተኛው ሳምንት ሽንኩርት እየላጥኩ ከእነርሱ ጋር ዋልኩ። ሴቶቹ በኋላ ለብቻቸው የሴቶች ክፍል አቋቋሙ፤ ምክንያታቸው ሲስተር ያሉት ነው።

ምዝገባ የሚባል ነገር አልነበራቸውም። ገንዘቡ ውጭ ካሉ ዘመዶቻቸው በስልክ መተግበሪያ፣ ባንክክ በሚባለው፣ ለአንድ በጎ ፈቃደኛ በስሙ ይገባል፤ እርሱ ይገዛል፤ ወጪው በቡድን ይለጠፋል። ፍጥነቱ ተአምር ነበር። አደጋው ደግሞ ይኸው ነው፦ ገንዘቡ በስሙ የሚገባው ልጅ በሁለቱም ተዋጊዎች ዘንድ ይጠረጠራል፤ ለዚህ ሲሉ የታሰሩ፣ የተገደሉም አሉ። ቆይተው ረጂዎች በቀላል ቅጽና በትንሽ በትንሹ ገንዘብ መስጠት ጀመሩላቸው። ነገር ግን በ2017 ዓ.ም. አጋማሽ አሜሪካ እርዳታዋን ስታቋርጥ አብዛኞቹ ማእድ ቤቶች በአንድ ጊዜ ተዘጉ። በመስከረም 2018፣ በፈረንጆቹ 2025፣ እነዚህ ክፍሎች ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ሲያገኙ በቴሌቪዥን አይቼ ደስም አለኝ፣ አዘንኩም፤ ያቺ ሽንኩርት ያስላጠችኝ ሴት በሕይወት ትኑር አትኑር አላውቅም።

ከዚያ የተማርኩት፣ ከአንድ ትልቅ ረጂ ብቻ መንጠልጠል ከምዝገባ የበለጠ አደገኛ መሆኑን ነው። የቅሬውን ወርኃዊ መዋጮ አታቁሙት። ያ ገንዘብ ትንሽ ነው፤ ነገር ግን ዋሽንግተን ያለ ሰው ሊዘጋው አይችልም።

ጡረተኛ መምህር — ረቡዕ

በዕድሜዬ ምክንያት ጥቂት ታሪክ ብጨምር ይፈቀድልኝ። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴን ደበደቡ፤ በዚያው ጦርነት ጊዜ በአዲስ አበባ በእቴጌ መነንና በልዕልት ፀሐይ ዙሪያ የተሰባሰቡ ሴቶች ፋሻና የመርዝ ጋዝ መከላከያ ጭንብል ያዘጋጁ ነበር። ስለዚህ ሴቶች በጦርነት ጊዜ ተደራጅተው መርዳታቸው ከውጭ የመጣ ፋሽን አይደለም።

ለእናንተ ይበልጥ የሚቀርበው ግን የክብርት ዶክተር አበበች ጎበና ነገር ይመስለኛል። በ1972 ዓ.ም. ገደማ ወደዚሁ ወደ እኛው አገር፣ ወደ ግሸን ማርያም ለንግሥ መጥተው በረኀብ የወደቀ ሕዝብ አዩ፤ ወላጅ ያጡ ሁለት ሕፃናትንም ይዘው ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ። ልጆቹ እየበዙ ሲሄዱ ባላቸውም ዘመድም ስላልወደደላቸው ቤታቸውን ጥለው ወጡ፤ ቆሎና እንጀራ እየሸጡ አሳደጓቸው። ያን ጊዜ ፈቃድም ደንብም አልነበራቸውም። ሥራው ከአንድ ሰው አቅም በላይ ሲሆን ግን ሕጋዊ ድርጅት አቋቋሙ፤ ሰኔ 27 ቀን 2013 ሲያርፉም ድርጅቱ ቀጠለ። እኔ ለእናንተ የምጠይቀው፣ ሥራችሁ ከሊቀመንበራችሁ ዕድሜ በላይ እንዲቆይ ትፈልጋላችሁ ወይ ነው። ከፈለጋችሁ ወረቀት ያስፈልጋችኋል።

ሸዋ በር — ረቡዕ ማታ

መምህር የተናገሩትን እቀበላለሁ፤ አንድ ፍርሃት ግን አለኝ። ማኅበሩ ተመዝግቦ ቢሮ ሲከፈት፣ «ሪፖርት በእንግሊዝኛ የሚጽፍ ሰው ያስፈልጋል» ተብሎ ቦርሳ የያዘ አንድ ወንድ ሥራ አስኪያጅ ሆኖ ይመጣል። ከዓመት በኋላ ሴቶቹ ተመልሰው ወጥ ቤት ናቸው። ሌላ ቦታ ሲሆን አይቻለሁ። ሰኞ ዕለት «ለምን ሴቶች» ብዬ የጠየቅኩት እኔ ነኝ ይህን የምለው።

መዝገብ ያዥ — ሐሙስ

ይህ ፍርሃት መሠረት አለው፤ መከላከያውም ደንቡ ነው። ሥራ አስኪያጅ ተቀጣሪ እንጂ ፈራሚ እንዳይሆን፣ ቼክ የሚፈርሙት ከጠቅላላ ጉባኤው የተመረጡ ሦስት ሴቶች እንዲሆኑ፣ ከሦስቱ ሁለቱ ካልፈረሙ ገንዘብ እንዳይወጣ ማድረግ ይቻላል። ሪፖርቱንም በአማርኛ ለመስጠት ጠይቁ። በ2008 ዓ.ም.፣ በእነርሱ 2016፣ ትልልቅ ረጂዎችና ድርጅቶች ኢስታንቡል ላይ ተሰብስበው ከሰብአዊ እርዳታ ገንዘብ 25 በመቶው በተቻለ መጠን በቀጥታ ለአገር በቀልና ለአካባቢ ተቋማት እንዲደርስ ተስማምተው ነበር፤ የቀጠሩለት ጊዜ አለፈ፣ ገንዘቡም እዚያ አልደረሰም። «ትርጉሙን እናንተ ሥሩ» ብትሏቸው የገቡትን ቃል አስታወሳችኋቸው እንጂ አልበደላችኋቸውም።

አስተዳደራዊ ወጪ በሕጉ ከጠቅላላ ገቢ 20 በመቶ መብለጥ የለበትም። እናንተ በበጎ ፈቃድ ስለምትሠሩ ወደዚያ አትጠጉም፤ ነገር ግን የትራንስፖርትና የስልክ ካርድ ወጪያችሁን ከኪሳችሁ እየከፈላችሁ «ነፃ ነው» ብላችሁ አትጻፉ። በነፃ የተሠራውንም መዝግቡት፤ ስንት ቀን፣ ስንት ሴት። ካልተጻፈ የሚቀጥለው ረጂ ሥራው ያለ ገንዘብ የሚሠራ ይመስለዋል።

ስም የማልጠቅስ — ሐሙስ ማታ

አጭር ነገር ነው የምለው። ከ2015 ክረምት ወዲህ በክልላችን ያለውን ሁኔታ ሁላችንም እናውቃለን። የተመዘገበ ድርጅት የአባላት ዝርዝርና አድራሻ ይኖረዋል፤ ያንን ዝርዝር የሚጠይቅ ሰው ከየትኛውም ወገን ሊመጣ ይችላል። ገጠር ቀበሌ ገብታችሁ ስታድሉ «ለእነማን ሰጣችሁ?» የሚል ጥያቄ ይከተላል። የመሥራቾቹ ቁጥር ጥቂት ይሁን፤ ሌላው በቅሬው ውስጥ በተለመደው መንገድ ያግዝ። የተቀባዮች ደብተርም በአንድ ሰው ቤት አይደር።

የሆጤዋ — እሑድ ማታ

ዛሬ ከቅሬው ወርኃዊ ስብሰባ በኋላ ሁላችሁም የጻፋችሁትን ስልኬ ላይ እያነበብኩ አሰማኋቸው። የጃሪዋን እኅታችንን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አስነብበውኛል። ክርክሩ ከሦስት ሰዓት በላይ ፈጀ፤ ቡናው ሦስተኛ ደርሶ እንደገና ተቆላ፤ ዱበርቲዎቹም (ዱዓ የሚያደርጉልን ትልልቅ ሴቶች) በመሐል ዱዓ አድርገውልን ቀጠልን።

የደረስንበት ይህ ነው። ቅሬው ቅሬ ሆኖ ይቀጥላል፤ መዋጮውም አይቆምም። ከመካከላችን ሰባት ሴቶች ለብቻው ማኅበር እናቋቁማለን፤ ፈራሚዎቹ ሦስት ናቸው፣ እኔ አንዷ ነኝ። ጥቃት ስለደረሰባቸው ሴቶች የሲስተርን ቃል እንዳለ ወስደን ደንቡ ላይ አስገብተነዋል፤ ረጂው ካልተቀበለው ገንዘቡ ይቅር ተብሏል፤ ይህን ያሉት የምዝገባው ዋና ደጋፊ የነበሩት ናቸው። ከጃሪ ሁለት ሴቶች በግዢ ኮሚቴው ውስጥ እንዲገቡ ተስማምተናል፤ እኅቴ፣ እናንተው መርጣችሁ አሳውቁን፣ የትራንስፖርቱን እኛ እንችላለን። ሸዋ በር ወንድማችንም ከአባልነት አልቀሩም፤ የዕቃ ግምጃ ቤት ቆጣሪ አድርገናቸዋል፤ ድምፅ ግን በጉባኤው ላይ እንጂ በገንዘቡ ላይ የላቸውም።

ያልተፈታ አንድ ነገር ቀርቷል። ሊቀመንበራችን በማኅበሩ ውስጥ አልገባም ብለዋል። «እኔ ድስቱን ይዤ እቀመጣለሁ፤ ወረቀታችሁ የጠፋ ቀን ኑ» ነው ያሉት። ለምነናቸው እንቢ ስላሉ ለረቡዕ ተቀጣጥረናል።

መዝገብ ያዥ፣ የግዢ ማረጋገጫ ቅጹን ናሙና ቢልኩልን እናባዛዋለን። ፊደሉን ጎላ ያድርጉት፤ ከፈራሚዎቹ የሁለታችን ዓይን ደክሟል።